ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የትኛው የቢልድ ማዋቀሪያ? ሜክፋይል፣ ኦቶቱልስ፣ ሲሜክ ወይስ ሜሶን

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። «አምስት ሆነን የባሕረ ሐሳብና የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ በሲ ቋንቋ እየጻፍን ነው። ሦስታችን ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ አንዷ መሐል ሜዳ ነን። ከላይብረሪው ጋር የተርሚናል ፕሮግራምና በጂቲኬ (መስኮትና ቁልፎች መሥሪያ ላይብረሪ) የተሠራ ትንሽ መስኮት አለ። እስካሁን የምንጠቀመው በእጅ የተጻፈ 300 መስመር ገደማ ሜክፋይል (ኮዱ እንዴት እንደሚሠራ ሜክ ለሚባለው ፕሮግራም የሚነግር ፋይል) ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ይሠራል፣ ዊንዶውስ ላይ ይሰበራል። ኮዱን ለሁሉም ክፍት ልናደርገው ነው። አንዱ ኦቶቱልስ፣ ሌላው ሲሜክ፣ ሌላው ሜሶን ይለናል። የቱን እንያዝ?»

ሜሶንን ያዙ። ምክንያቱን ከነድክመቱ አስረዳለሁ፤ ሁኔታችሁ ቢለወጥ ደግሞ መቼ ሲሜክ እንደሚሻላችሁ እነግራችኋለሁ። የፕሮግራምና የትእዛዝ ስሞችን በፊደላችን ስለጻፍኋቸው ስትተይቡ ወደ ላቲን መልሷቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ስለ ባሕረ ሐሳቡ ካልሆነ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢልድ ማለት የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ ነው። በመጀመሪያ በውስጡ ያሉትን ሁለት ሥራዎች እንለያቸው፤ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ሸማኔ ማግ ከመወርወሩ በፊት ድሩን ይዘረጋል። ማዋቀር ማለት ድሩን መዘርጋት ነው፦ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) የቱ ነው? ጂቲኬ ማሽኑ ላይ አለ? ስሪቱ ስንት ነው? ፋይሎቹ የት ይጫናሉ? ከዚያ በኋላ ኮዱን ኮምፓይል እያደረገ የሚያያይዘው ሌላ ፕሮግራም ነው። ሜክ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ለመሥራት የተፈጠረ መሣሪያ ነው፤ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሲጽፈው ማዋቀርን አላሰበበትም። እናንተ ግን የድሩንም ሥራ በሜክፋይል ውስጥ በእጃችሁ ጽፋችኋል። የሒሳብ ላይብረሪ የሚጠራው «ኤልኤም» ምልክት በቀጥታ ተጽፎ ከሆነ፣ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር እንዲህ የሚባል ላይብረሪ ስለሌለ ይሰበራል። ፋይል የሚያጠፋውና የሚገለብጠው የዩኒክስ ትእዛዝም ዊንዶውስ ላይ የለም። የተጠቃሚው ፎልደር ስም መካከል ባዶ ቦታ ካለበት ሜክ አንዱን መንገድ ሁለት ፋይል አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ 300 መስመሩን ብታድሱት ችግሩን ወደ 500 መስመር ታሳድጉታላችሁ እንጂ አትፈቱትም። ፕሮጀክቱ አራት አምስት ፋይል ብቻ ሆኖ ከሲ ላይብረሪ ሌላ ምንም የማይፈልግ ቢሆን ኖሮ ሜክፋይላችሁን አትንኩት እላችሁ ነበር።

ኦቶቱልስ የሚባለው የኦቶኮንፍ፣ የኦቶሜክና የሊብቱል ስብስብ ነው፤ ኦቶኮንፍ እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀመረ። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ይህንም ላሳንሰው አልፈልግም። ታርቦሉን (ኮዱ የታሸገበትን ፋይል) ያወረደ ሰው ሼል፣ ሜክና ኮምፓይለር ካለው ሌላ ምንም ሳይጭን ይሠራዋል። ኔትዎርክ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጸሐፊው ግን ኤምፎር፣ ሼልና ሜክ የሚባሉ ሦስት ቋንቋዎችን ባንድ ፋይል ውስጥ እየቀላቀለ መጻፍ አለበት፤ ከአምስታችሁ ይህን የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ይኖራል፣ እሱ ሲመረቅና ሲሄድ ፋይሉን የሚነካው ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኮንፊገር የተባለው ስክሪፕት በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፍተሻዎችን እያንዳንዳቸውን በአዲስ ፕሮሰስ ስለሚያስኬድ፣ ዊንዶውስም አዲስ ፕሮሰስ መክፈት ስለሚከብደው በጣም ይንቀራፈፋል። ቀድሞ በኦቶቱልስ የቆመ ፕሮጀክት ቢሆን ተዉት ባልኩ፤ ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ግን አልመክረውም።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሲሜክን ኪትዌር የተባለው ድርጅት የጀመረው በ2000 አካባቢ ነው፤ ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በ2006 ወደ እሱ ሲዞር ስሙ ገነነ፣ እንደ ጂቲኬ መስኮት መሥሪያ የሆነው ኪውት 6ም የሚሠራው በእሱ ነው። ሜሶንን የጀመረው ፊንላንዳዊው ዩሲ ፓካነን ነው፤ በ2013 ወጣ። የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ በ2017 ወደ ሜሶን ዞሯል፤ ጂኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክቶችም፣ ጂቲኬ ራሱን ጨምሮ፣ በሜሶን ይሠራሉ። ይህ የመጨረሻው ለእናንተ ትርጉም አለው፦ የመስኮት ፕሮግራማችሁ የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ የአዶና የትርጉም ፋይሎች ጭምር፣ በሜሶን ውስጥ ዝግጁ ሞጁል አላቸው።

ሲሜክ ላይ አዲስ ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው። የተለዋዋጭ ስም ብትሳሳቱ ስህተት ነው አይልም፤ ባዶ አድርጎ ይቀጥላል። የሲ ፋይሎችን በኮከብ ምልክት ሰብስብ ብላችሁት ከሆነ፣ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ አዲስ ፋይል ጨምሮ ቢልክና እናንተ በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያና መጋሪያ) ብትስቡት ሲሜክ አያየውም፤ «ፈንክሽኑ አልተገኘም» የሚል የማያያዝ ስህተት ይመጣና ኮዱን ስትፈትሹ ትውላላችሁ፣ ኮዱ ግን ጤነኛ ነው። የቢልድ ዓይነት ካልነገራችሁት ደግሞ ማመቻቸትም (ፕሮግራሙን የሚያፈጥነው ሥራ) የማረሚያ መረጃም የሌለው ፋይል ይሰጣችኋል። በኦንላይን የምታገኙት ምሳሌ ብዙው ከስሪት 3.0 በፊት የነበረውን አጻጻፍ ነው የሚያሳየው፤ በ2025 የወጣው ሲሜክ 4.0 ደግሞ ዝቅተኛ ስሪቱን ከ3.5 በታች ብሎ የጻፈ ፕሮጀክትን ጨርሶ አይቀበልም።

ሜሶን ውስጥ ያልተገለጸ ስም ብትጽፉ እዚያው መስመሩን ጠቅሶ ይቆማል። የኮከብ አሰባሰብን ሆን ብሎ አልፈቀደም፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ትዘረዝራላችሁ። የራሳችሁን ፈንክሽን መፍጠርም አትችሉም። ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠር ይሆናል፤ እኔ ግን ዋና ጥቅሙ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንዱ አባል ራቀቅ ያለ ነገር ጽፎ ሌሎቹ ማንበብ የሚያቅታቸው ቀን አይመጣም። ለክፍት ምንጭ የቢልድ ፋይል መነበቡ የደኅንነትም ጉዳይ ነው። በማርች 2024 በኤክስዚ ማመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተገኘውን የጀርባ በር (ሰርጎ ለመግባት የተደበቀ ኮድ) አስታውሱ። የሚቀሰቅሰው ኮድ የተደበቀው በታርቦሉ ውስጥ ባለ የኤምፎር ፋይል ነበር፤ ጊት ላይ በሚታየው ኮድ ውስጥ አልነበረም። እዚያው ፕሮጀክት የሲሜክ ፋይል ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻዋን በአንድ መስመር ላይ ገብታ ነበር። ነጥቧ የላንድሎክ መከላከያ (ፕሮግራም የሚነካቸውን ፋይሎች የሚገድብ የሊኑክስ ጥበቃ) መኖሩን የሚፈትሸውን ትንሽ ኮድ ሰበረችው፤ ፍተሻው ሁልጊዜ «የለም» ብሎ ይመልስ ነበር፤ መከላከያውም ያለ ምንም የስህተት መልእክት ጠፋ። ሜሶንም ቢሆን የኮምፓይል ፍተሻ ስላለው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነጻ አይደለም፤ ስለዚህ የግድ መኖር ያለበትን ነገር በፍተሻ አትለፉት፣ ከሌለ ቁም በሉት።

የሜሶን ድክመት ፓይተን መፈለጉና ኒንጃ የሚባለውን ሠሪ ማስፈለጉ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፓይተን ስላለ የሚወርደው ትንሽ ነው፤ ሜሶን ራሱ ጥቂት ሜጋባይት አይሞላም። የአስተዳዳሪ ፈቃድ በሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ማሽን ላይ በፓይተን ምናባዊ ከባቢ (ለብቻው በተለየ ፎልደር) ውስጥ ሁለቱንም መጫን ይቻላል። ኡቡንቱ 22.04 የሚያመጣው ሜሶን 0.61 ነው፣ 24.04 የሚያመጣው 1.3። ስለዚህ በፕሮጀክት ፋይላችሁ መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛውን ስሪት 0.61 ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ስትጠቀሙ ሜሶን ያስጠነቅቃችኋል፣ አሮጌ ኡቡንቱ ያለው አባል አይቀርም።

አሁን ሥራው። ሜክፋይሉን ወዲያው አታጥፉት። ንጹሕ ፎልደር ላይ ሜክን በኤን ምልክት አስኪዱት፤ ምንም ሳይሠራ ትእዛዞቹን ብቻ ያትማል። ያንን ጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀምጡና ኮምፓይለሩ የሚቀበላቸውን ምልክቶች ልቀሙ፦ የማስጠንቀቂያ ደረጃ፣ በዲ የሚጀምሩ ፍቺዎች፣ በኤል የሚጀምሩ ላይብረሪዎች። የማስጠንቀቂያውን ምልክት ትታችሁ በሜሶን ደረጃ 2 ተኩት። ፍቺዎቹን ወደ ማዋቀሪያ ሄደር (የሲ ፋይሎቹ ወደሚጠሩት የፍቺዎች ፋይል) ውሰዱ። ላይብረሪዎቹን በዲፔንደንሲ ፈንክሽን ጥሩ፤ የሒሳብ ላይብረሪውን ግን በኮምፓይለሩ በኩል «ካለ አያይዝ፣ ከሌለ እለፍ» ብላችሁ ፈልጉ። ዊንዶውስ ላይ የተሰበረው መስመር በዚህ ብቻ ይድናል። ለእናንተ ዓይነት ፕሮጀክት ዋናው ፋይል ከ40 መስመር አይበልጥም።

ጂቲኬን አማራጭ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ጂቲኬን ከነቤተሰቡ ማውረድ ብዙ ዳታ ይበላል፤ የመሐል ሜዳዋ አባል የስሌቱን ኮድ ብቻ ለማረም ያን ሁሉ ዳታ መክፈል የለባትም። የአማራጭ ፋይሉ ላይ «መስኮት» የሚል፣ ዓይነቱ ፊቸር፣ መነሻው ኦቶ የሆነ አማራጭ ጻፉ፤ ስሙን ግን በላቲን ፊደል። ኦቶ ማለት ጂቲኬ ካለ ይሠራል፣ ከሌለ ይዘለላል ማለት ነው። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፦ ለሕዝብ የምታወጡትን ስሪት ስትሠሩ ጂቲኬ በአጋጣሚ ካልተገኘ መስኮት የሌለው ፓኬጅ ይወጣል፣ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ስለዚህ ለሥርጭት ስትሠሩ አማራጩን ኢነብልድ አድርጉት፤ ያኔ ከሌለ ይቆማል።

ቢልዱ ሁልጊዜ ከምንጩ በተለየ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሜሶን ሌላ መንገድ አይፈቅድም። ከሜክፋይሉ ዘመን የተረፈ የማዋቀሪያ ሄደር ግን ከምንጭ ኮዱ ጎን ተቀምጦ ካለ አጥፉት። ኮምፓይለሩ በጥቅስ ምልክት የተጠራን ሄደር መጀመሪያ የሚፈልገው በምንጭ ፋይሉ ፎልደር ስለሆነ አሮጌውን አንብቦ አዲሱን ይተወዋል።

ዊንዶውስ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ኮዳችሁ ውስጥ «መስከረም»፣ «ጥቅምት» ተብሎ በቀጥታ ተጽፏል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኮምፓይለር ጂሲሲ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 (የፊደላችንን ጨምሮ የሁሉም ፊደል ኮድ) አድርጎ ያነበዋል፤ የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ግን ካልነገሩት በሲስተሙ የኮድ ገጽ ስለሚያነበው የወሮቹ ስም ወደ ተበላሹ ምልክቶች ይለወጣል። ሜሶን የዩቲኤፍ-8ን ምልክት ራሱ ይጨምርላችኋል፤ ሲሜክ ግን እናንተ ካልጻፋችሁ አይጨምርም። ሁለተኛው፣ ሊኑክስ ላይ የላይብረሪ ፈንክሽኖች ሁሉ በነባሪው ለውጭ ይታያሉ፤ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ግን «ይውጣ» ተብሎ ምልክት ያልተደረገበት አይታይም፤ ላይብረሪው ይሠራል፣ ማያያዙ ይከሽፋል። ሊኑክስ ላይም የሲምቦል (የፈንክሽን ስም) እይታውን ሂደን፣ ማለትም ድብቅ፣ አድርጉትና ለሕዝብ የሚሆኑትን በአንድ ማክሮ ምልክት አድርጉ። እንዲህ ከሆነ ስህተቱ ዊንዶውስ ያለው ሰው እስኪሞክረው ሳትጠብቁ ደብረ ብርሃን ላይ ይታያችኋል።

የሚከተለውን ረዘም አድርጌ የምጽፈው መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማንኛውንም ማዋቀሪያ ብትመርጡ የሚገጥማችሁ ስለሆነ ነው። ሜክም ኒንጃም አንድ ፋይል እንደገና ይሠራ ወይስ ይቅር የሚሉት የሰዓት ማኅተሙን አይተው ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጠው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ ከሞተች፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ላይ ይነሣል፤ ኢንተርኔት ከሌለም ራሱን አያርምም። በዚያ ሰዓት ያረማችሁት የሲ ፋይል ትናንት ከተሠራው ኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይለሩ ከእሱ ካወጣው ፋይል) «ያረጀ» ሆኖ ይታያል። ሠሪው «ሁሉም ወቅታዊ ነው» ይላል፣ እርማታችሁ ሳይገባ ይቀራል፤ ያልተሠራን ኮድ ስትፈትሹ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

መልእክቶቹን እወቋቸው። ሜክ የሰዓት መዛባት ታይቷል፣ ቢልዱ ሳይጠናቀቅ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስጠነቅቅና ይቀጥላል። ሜሶን ፋይሉ ስንት ሴኮንድ ወደፊት እንደሆነ ነግሯችሁ ይቆማል። ኒንጃ ደግሞ የቢልድ ፋይሉ ከ100 ሙከራ በኋላም እንዳልጸዳ፣ ምናልባትም የሲስተሙ ሰዓት እንዳልተስተካከለ ይናገራል። የኦቶቱልሱ ኮንፊገርም አሁን የፈጠረው ፋይል አብሮ ከመጣው ያረጀ ነው፣ ሰዓትህን እይ ብሎ ይቆማል። መድኃኒቱ ለሁሉም አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ በተሳሳተው ሰዓት የተነኩትን ፋይሎች «ታች» በሚባለው፣ የፋይልን ሰዓት በሚያድሰው ትእዛዝ አድሷቸው፣ የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ከማዋቀር ጀምሩ። ባትሪዋንም ቀይሩ።

መብራቱ ቢልዱ መካከል ላይ ቢጠፋ ደግሞ ዲስኩ ላይ መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ኦብጀክት ፋይሎች ሊቀሩ ይችላሉ። ስማቸው አለ፣ ማኅተማቸውም አዲስ ነው፣ ስለዚህ ሠሪው ተሠርተዋል ብሎ ያልፋቸዋል፤ ማያያዣው ግን ፋይሉን አላውቀውም ይላል። እዚህም የቢልድ ፎልደሩን ማጥፋት ይበቃል። ሲካሽ የሚባለውን፣ የኮምፓይል ውጤት አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ ከጫናችሁ ሜሶን ራሱ አግኝቶ ይጠቀምበታል፤ እንደገና መሥራቱ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል።

ራም 4 ጊጋ ለሆነ ላፕቶፕ አንድ ቃል፦ ኒንጃ ባለ አራት ኮር ማሽን ላይ ካልነገሩት ስድስት ሥራ ባንድ ጊዜ ይጀምራል። የእናንተ የሲ ኮድ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም። ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ስትሠሩ ግን በጄ ምልክት ወደ 2 ዝቅ አድርጉት።

ዳታ ለመቆጠብ፣ ሲስተሙ ላይ የሌሉ ላይብረሪዎችን ሜሶን ራፕ በሚባሉ ትንንሽ ፋይሎች በኩል ያወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ ኔትዎርክ ያለው ሰው አንድ ጊዜ «ሜሶን ሰብፕሮጀክትስ ዳውንሎድ» ይበል። የወረደው ታርቦል ሰብፕሮጀክትስ ውስጥ ባለው የፓኬጅ ካሽ ፎልደር ይቀመጣል፤ ያንን በፍላሽ ወደ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ላኩት። የራፕ ሁኔታውን «ኖዳውንሎድ» አድርጋችሁ ማዋቀር ደግሞ ፕሮግራሙ ሳታውቁት ከኢንተርኔት ምን እንደሚጎትት ያጋልጣል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ፓኬጅ አዘጋጆች በቢልድ ጊዜ ማውረድን ስለማይፈቅዱ ይህን ፈተና ማለፍ የግድ ነው።

የፕሮግራሙን የቋንቋ ትርጉም በሜሶን የአይ18ኤን ሞጁል አስገቡ። ፒኦ ፎልደር ውስጥ ሊንጓስ የሚባል ፋይል አለ፤ የአማርኛው ኮድ «ኤኤም» እዚያ ካልተጻፈ የትርጉም ፋይላችሁ ቢኖርም አይጫንም፣ ስህተትም አይታይም። በትርጉም ፋይሉ ራስጌ ላይ የብዙ ቁጥር ቅርጹን ሁለት አድርጉና ከ1 የሚበልጠው ብቻ ብዙ ይሁን፤ በአማርኛ «0 ቀን» ነጠላ ነውና የእንግሊዝኛውን ቀመር ብትገለብጡ «0 ቀናት» ይልባችኋል።

ፈተናዎቹን ከማሽኑ ሰዓት ጋር አታያይዙ። ቋሚ ቀን ስጡ፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆኑን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. መኖሩን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ተቀባይነት እንደሌለው። ባትሪው የሞተ ማሽን ላይም እነዚህ ያልፋሉ።

ሲሜክን ያዙ የምላችሁ በሦስት ሁኔታ ነው፦ ጂቲኬን ትታችሁ ወደ ኪውት ከሄዳችሁ፣ ወደ አንድሮይድ ከሄዳችሁ፣ ወይም ላይብረሪውን የሚጠቀሙት በአብዛኛው በሲሜክ የሚሠሩ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክቶች ሆነው ኮዳችሁን በራሳቸው ውስጥ ሊከቱት ከፈለጉ። ተጭኖ ለሚጠራ ላይብረሪ ብቻ ከሆነ ሜሶን የሚያወጣውን የፒኬጂ-ኮንፊግ ፋይል (ላይብረሪው የት እንዳለና እንዴት እንደሚያያዝ የሚገልጽ) ሲሜክም ያነበዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ግን አይሁን። አንዱ ላይ የተጨመረ ፋይል ሌላው ላይ ይረሳል፣ በሁለት ወር ውስጥ አንደኛው ሬሳ ይሆናል።

ሜክፋይሉን የምታጠፉት እንዲህ አረጋግጣችሁ ነው። በሁለቱም መንገድ ባዶ ፎልደር ውስጥ ጫኑ፤ ዴስትዲር የሚባለው ተለዋዋጭ ለዚህ ነው። የሁለቱን የፋይል ዝርዝር አነጻጽሩ። ላይብረሪዎቹ ወደ ውጭ የሚያወጧቸውን ስሞች በኤንኤም ትእዛዝ አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ እናንተ ሆን ብላችሁ የደበቃችኋቸው ብቻ መሆን አለበት። ፍጥነት የምትለኩ ከሆነ ሜሶን ካልነገሩት ያለ ማመቻቸት ለማረሚያ እንደሚሠራ አትርሱ፤ የቢልድ ዓይነቱን ሪሊዝ ሳታደርጉ «ሜሶን ፕሮግራማችንን አዘገየው» እንዳትሉ።

ከዚያ «ሜሶን ዲስት» በሉ። ጊት ውስጥ ኮሚት ከተደረገው (ከተመዘገበው) ብቻ ታርቦል ይሠራል፣ ፈትቶ ይገነባዋል፣ ፈተናዎቹን ያስኬዳል። ኮሚት ያላደረጋችሁት ፋይል ካለ እዚህ ይጋለጣል። ያለፈውን ታርቦል በፍላሽ መሐል ሜዳ ላኩና፣ ኮዳችሁ ገብቶበት በማያውቅ ማሽን ላይ፣ ኔትዎርኩ ተዘግቶ፣ አባላችሁ ከማዋቀር እስከ ፈተና ታስኪደው። ካለፈ ሜክፋይሉን አጥፉና ኮዱን ልቀቁት።